ከፕሮስቴት ካንሰር ህክምና በኋላ ስለ እንቅስቃሴ የጠየቃችሁኝ (ጥያቄና መልስ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት፣ ስራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው፣ አባቴም የፕሮስቴት ካንሰር ታክሞ ይኸው ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል፣ ስለዚህ ነገሩን ከስራም ከቤትም አውቀዋለሁ። ጠይቁኝ ባልኩት መሰረት ከመሐል ሜዳም ከአረርቲም ከሸዋ ሮቢትም ብዙ ደርሶኛል፣ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ።

ጥያቄ፦ አባቴ 68 ዓመቱ ነው፣ ደብረ ሲና ነው ያለው፣ በየ3 ወሩ የሆርሞን መርፌ ይወጋል። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ተኛ፣ እረፍ ነው የሚለው። ስፖርት በሽታውን አይቀሰቅስበትም?

መልስ፦ አይቀሰቅስበትም ወንድሜ። መርፌው የሚሰራው ቴስቶስትሮን የሚባለውን የወንድ ሆርሞን ዝቅ በማድረግ ነው፣ ካንሰሩ የሚያድገው በሱ ስለሆነ። ችግሩ ጡንቻና አጥንትም ጥንካሬያቸውን የሚያገኙት ከዚሁ ሆርሞን መሆኑ ነው። እና ካንሰሩ ሲራብ ጡንቻውም አብሮ ይሟሽሻል፣ ሆድ አካባቢ ስብ ይጨምራል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ለስኳርና ለልብ ህመምም ያጋልጣል። በኦፕራሲዮን ፍሬያቸው የወጣላቸው አባቶችም ላይ ያው ነው። በዚህ ላይ መኝታ ሲጨመርበት አስቡት።

የኔን አባት አንድ ቀን ከበርጩማ ሲነሳ አየሁት። አንድ እጁን ጉልበቱ ላይ አንዱን የበሩ መቃን ላይ አድርጎ ሁለቴ ሞከረ፣ ሁለቴም ተመልሶ ቁጭ አለ፣ በሶስተኛው ነው የተነሳው። ይሄ ሰው እኮ ከዓመት በፊት እህል ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ነበር። ቤተሰቡ በሙሉ እኔን ጨምሮ "አረፍ በል" ስንለው ከርመን ነበር፣ ያን ቀን በጣም አዘንኩ፣ በማግስቱ ጀመርን።

አሜሪካ ውስጥ ፕሮስቴት ካንሰር የተገኘባቸው 2,705 ወንዶችን የተከታተለ በ2011 የታተመ ጥናት አለ። በሳምንት 3 ሰዓትና ከዛ በላይ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ የሚያደርጉት ከ1 ሰዓት በታች ከሚያደርጉት ጋር ሲነጻጸሩ በዚሁ ካንሰር የመሞት እድላቸው በ61 በመቶ አንሶ ነው የተገኘው። ክትትል እንጂ ሙከራ ስላልሆነ ስፖርት ካንሰር ያድናል አያሰኝም፣ መርፌውንም አይተካም፣ ግን አባትህን አልጋ ላይ ለማስቀረት ምንም ምክንያት እንደሌለ ያሳያል።

ጥያቄ፦ እኔ መንዝ ገበሬ ነኝ፣ ስሰራ ነው የምውለው። ሌላ ስፖርት ምን ያደርግልኛል?

መልስ፦ ስራው ይቆጠራል፣ ማንም እንዳያናንቅብዎት። የሚመከረው በሳምንት 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፣ ማለትም እየሄዱ ማውራት የሚችሉበት ግን መዝፈን የማይችሉበት ፍጥነት፣ እርስዎ በእርሻ ወቅት ይሄንን በአንድ ቀን ይጨርሱታል። ግን እርሻ ወቅት አለው፣ አዝመራው ከገባ በኋላ ያሉትን ወራት እንዴት እንደሚያሳልፉ ያስቡ። ሁለተኛው ነገር ጡንቻ የሚመለሰው ሸክሙ ቀስ በቀስ ሲጨመርለት ነው፣ ይሄ ደግሞ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ለብቻው ይፈልጋል።

ጂም አያስፈልግም። አባቴ የጀመረው በዛችው በርጩማ ነው፣ እጅን ደረት ላይ አጣጥፎ መነሳት መቀመጥ፣ መጀመሪያ 4 ጊዜ ነበር የቻለው፣ ከዛ 8 ከዛ 12፣ አረፍ ብሎ ሁለተኛ ዙር። ከዛ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልቶ በሁለት እጅ ማንሳት፣ ግድግዳ ገፍቶ መመለስ፣ ግድግዳ ተደግፎ ተረከዝን ማንሳት። 12 ሲቀላችሁ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ያዙ፣ እሱ ሲሞላ 5 ኪሎ ነው። ስታነሱ ትንፋሽ አውጡ፣ አምቃችሁ አትያዙ። ግፊት ወይም ልብ ያለበት ሰው መጀመሪያ ሀኪሙን ያማክር።

ጥያቄ፦ በጾም ስግደት አላቋርጥም ነበር፣ ኦፕራሲዮን ከሆንኩ 3 ሳምንቴ ነው፣ ሕማማት እየመጣ ነው ምን ላድርግ?

መልስ፦ አባቴ፣ ይሄን ጥያቄ በመጠየቅዎ ደስ ብሎኛል፣ ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ይጀምርና ይጎዳል። ስግደት እንደ እንቅስቃሴ ካየነው ጭን፣ ክንድ፣ ወገብ ሁሉም የሚሰሩበት ከባድ ነገር ነው። ፕሮስቴት በኦፕራሲዮን ከወጣ በኋላ ግን እስከ 6 ሳምንት ገደማ ሆድ ላይ ጫና የሚፈጥር ነገር ሁሉ ይቆያል፣ ከ4 ወይም 5 ኪሎ በላይ ማንሳትም፣ ወድቆ መነሳትም። አሁን ለእርስዎ የእግር መንገድ ነው፣ ደም እንዳይረጋ ቀን ላይ ደጋግሞ አጠር አጠር አድርጎ መሄድ። ለንስሐ አባትዎ ይንገሯቸው፣ ለታመመ ሰው ቤተክርስቲያን እንደምታዝን እርስዎ ከኔ በላይ ያውቃሉ። ሀኪሙ ሲፈቅድ በመንበርከክ ይጀምሩና በቀን ጥቂት ጥቂት ይጨምሩ።

ጥያቄ፦ ኦፕራሲዮን ከሆንኩ ሁለት ወር ሆኖኛል፣ ሳስል ሽንት ያመልጠኛል፣ ሞዴስ እያደረግኩ ነው የምወጣው፣ ለቅሶ ቤት እንኳን መሄድ ትቻለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ መጀመሪያ ይሄ በጣም የተለመደ ነው፣ አብዛኛው ሰው ላይ ከወራት እስከ ዓመት ባለው ጊዜ እየተሻለ ይሄዳል፣ ሁለተኛ የሚያፋጥን እንቅስቃሴ አለ። ከብልት ጀምሮ እስከ መቀመጫ አጥንት እንደ ወንፊት የተዘረጋ ጡንቻ አለ፣ ቀድሞ ፕሮስቴቱ ያግዘው ነበር አሁን ብቻውን ነው የሚሰራው። ጉልበትህን አጥፈህ በጀርባህ ተኛ፣ አየር ከኋላ እንዳይወጣ እንደምትይዘው አድርገህ ያዝ፣ ከፊት ደግሞ ሽንት እንደምታቆም። ትክክል ከሰራኸው ብልትህ ትንሽ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፣ ፍሬህ ከፍ ይላል፣ በመስታወት ማየት ትችላለህ። ቂጥህ ወይም ጭንህ ከተገተረ፣ ትንፋሽህንም ከያዝክ ሌላ ጡንቻ ነው እየሰራህ ያለኸው። ከቻልክ እስከ 5 ሰከንድ ያዝ፣ እኩል ሰከንድ ልቀቅ፣ 10 ጊዜ፣ በቀን ሶስቴ፣ እየቆየህ 10 ሰከንድ አድርሰው። መልቀቁም እንደ መያዙ አስፈላጊ ነው። ሲለመድ ተቀምጠህ ከዛ ቆመህ። እና ልታስል ስትል፣ ልትነሳ ስትል፣ እቃ ልታነሳ ስትል ቀድመህ ያዝ፣ ሰው ላይ ለውጥ የማየው እዚች ላይ ነው። እየሸናህ እያቋረጥክ አትለማመድ፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚደረገው የሽንት ቱቦ ሳይወጣም አትጀምር። ቡና ቀንስ፣ ውሃ ግን አትቀንስ። ለቅሶ ቤትም ሂድ፣ ሞዴሱን አድርገህ ሂድ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ መርፌ ከጀመረ ወዲህ ማታ ማታ ድንገት በላብ ይጠመቃል፣ ባናውን ወርውሮ ይነሳል፣ ወዲያው ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ስፖርት ያባብስበታል?

መልስ፦ እህቴ ከሆርሞኑ መቀነስ የሚመጣ ነው፣ ሴቶች ሲያርጡ እንደሚሰማቸው። አንድ ከባድ ባና ከሚለብስ ስስ ስስ ደራርቢለት፣ አንዱን ገፎ አንዱን ያስቀራል። አረቄ ማታ ላይ ይቅር። እንቅስቃሴውን ቀን ያድርግ፣ እንቅልፉንም ያሻሽልለታል፣ ሲነጫነጭም ሆርሞኑ እንደሆነ አስቢለት።

ጥያቄ፦ ካንሰሩ ወገብ አጥንቴ ላይ ደርሷል ተብያለሁ። በቃ ልተኛ?

መልስ፦ አይተኙ፣ ግን እንደሌላው ሰው አይስሩ። የትኛው አጥንት እንደተነካ ሀኪምዎ በትክክል ይንገርዎት፣ ያንን ቦታ የሚጭን፣ የሚጠመዝዝ፣ የሚያዘልል ነገር አይንኩ። ሜዳ ላይ መራመድ ይበቃል፣ ቢቻል ፊዚዮቴራፒስት እያየዎት። አዲስ የወገብ ህመም መጥቶ እግር ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ ሽንት ከከለከለ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎት ነገ አይበሉ፣ በዛው ሰዓት ሆስፒታል፣ ሌሊትም ቢሆን። ህብለ ሰረሰር ተጭኖ ሊሆን ይችላል፣ የሰዓታት መዘግየት እግር ያሳጣል። ይሄን ቤት ላሉትም ንገሩልኝ።

ጥያቄ፦ የፒኤስኤ (የፕሮስቴት የደም ምርመራ) ቀጠሮ አለኝ፣ ሳይክል ነው የምመላለሰው።

መልስ፦ ከምርመራው በፊት 2 ቀን ሳይክልም ፈረስም ይቅር፣ ፕሮስቴቱ ላይ ጫና ፈጥሮ ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ግንኙነትም እንደዛው።

ጥያቄ፦ በጾም ጡንቻ ይሰራል?

መልስ፦ ይሰራል። ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ አተር በየማዕዱ ይኑር፣ በፍስክ እንቁላልና ወተት ይጨመር፣ አጥንት የሚሳሳ ሰው ካልሲየምም ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ (ስማችን ይቆይ ያላችሁ ብዙ ናችሁ) የወንድነት ነገር አለቀ ማለት ነው?

መልስ፦ አላለቀም። ከኦፕራሲዮን በኋላ ነርቮቹ እስኪያገግሙ እስከ 2 ዓመት ሊወስድ ይችላል፣ የሚረዱ መድሃኒቶች አሉ፣ እርምጃና ከላይ ያልኩት የያዝ ልቀቅ እንቅስቃሴም ያግዛሉ። መርፌ ላይ ከሆናችሁ ፍላጎቱ ራሱ ይቀንሳል፣ ይሄንን ለባለቤታችሁ ተናገሩ፣ ዝም ስትሉ እሷ ጠላኝ ብላ ነው የምትተረጉመው።

ጥያቄ፦ ጨረር ጨርሼ ከአዲስ አበባ ተመለስኩ፣ ድካሙ ሊገለኝ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ።

መልስ፦ የጨረር ድካም በመተኛት ብቻ አይለቅም፣ በትንሽ በትንሽ መራመድ ነው የሚቀንሰው፣ በጣም በደከመህ ቀን 10 ደቂቃ ትበቃለች። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ግን አትውጣ፣ ውርጩ ድንጋዩን ያንሸራትታል፣ አጥንቱ ለሳሳ ሰው ደግሞ አንድ ውድቀት ዳሌ ይሰብራል። ፀሐይዋ ግድግዳው ላይ ስታርፍ ጋቢህን ደርብና ዱላ ይዘህ ውጣ፣ አባቴም በዛች ሰዓት ነው የሚወጣው።