መልስ፦ የባስራ ሳህኖች ወርቃማ ሥዕል ወርቅ ነው?

ሰላም። «የአባሲዶች (የባግዳድ ሙስሊም ከሊፋዎች) ዘመን የባስራ (ደቡብ ኢራቅ) የሸክላ ሳህኖች ላይ ያለው ወርቅ ተቀብቶ ነው? እኔ ስሞክረውስ ለምን ጠቆረብኝ?» ላሉት፦

ወርቅ የለበትም፤ ብርና መዳብ ነው። ሳህኑ መጀመሪያ ቲን ኦክሳይድ (ልባሱን የሚያነጣ የቆርቆሮ ውህድ) ባለበት ነጭ የመስታወት ልባስ ተሸፍኖ ይተኮሳል። ሥዕሉ የሚሳለው ከዚያ በኋላ ነው፤ የብርና የመዳብ ውህዶች ከቀይ አፈርና ከኮምጣጤ ጋር ተለውሰው። ሁለተኛው እሳት ዝቅ ይላል፣ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ። እዚህ ላይ አየሩ ታፍኖ እቶኑ በጭስ መሞላት አለበት። ጭሱ ኦክስጅኑን ሲነጥቅ ብሩና መዳቡ ልባሱ ውስጥ ገብተው እጅግ ደቃቅ የሜታል ቅንጣቶች ይሆናሉ፤ የሚያብረቀርቁትም እነሱ ናቸው።

ስለ መጥቆሩ፦ ከእቶን ሲወጣ ሥዕሉ በተቃጠለው አፈር ስለሚሸፈን ጠቆር ብሎ መታየቱ ያለ ነው። ሲቀዘቅዝ በእርጥብ ጨርቅ ይሹት። አፈሩ አልለቅ ካለ ሙቀቱ በዝቶ ልባሱ ለስልሷል። ለቆም ሥዕሉ ጥቁር ከሆነ ጭሱ ረዝሟል። ትንንሽ መሞከሪያ ስባሪዎች እቶኑ ቀዳዳ አጠገብ አስቀምጠው በየመሀሉ በሽቦ እያወጡ ቢያዩ ይሻላል።

ለሥዕሉ የ10ኛውን ክፍለ ዘመን ስልት እመክራለሁ። የ9ኛው ባለብዙ ቀለም ስለሆነ ይከብዳል፤ የ10ኛው ግን አንድ ቀለም ነው፦ መሀል ላይ ወፍ ወይም ሰው፣ ዙሪያውን ነጭ መስመር፣ የቀረው ቦታ በነጠብጣብ የተሞላ።