ልጅቷ 3 ዓመት ሳይሞላት ኦርላንዶ፦ ለዲዝኒ ጉዞ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እንደጻፍሽው ልጅሽ በማርች መጨረሻ 3 ዓመት ይሞላታል፣ እናትሽ ከአዲስ አበባ መጥተው አብረዋችሁ ናቸው፣ የምትኖሩት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሁላችሁም ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ወዳሉት የዲዝኒ መዝናኛ ፓርኮች ልትሄዱ አስባችሁ ሳለ አንድ ሰው «ከ7 ሺህ ዶላር በታች አይሞከርም» ብሎ አስደንግጧችኋል። ይሞከራል። እኛ ትንሽ ልጅ ይዘን ሄደናል፣ ዘመድ ወዳጅም ሲሄድ ቁጭ ብዬ አብሬ ሒሳብ ሠርቻለሁ፤ ከተባለው በግማሹ ገደማ ይቻላል። የሚረክሰው ግን ኩፖን በማሳደድ አይደለም። ጉዞው በልጅቷ ዕድሜ፣ ቁመትና እንቅልፍ ልክ ሲሆን ነው።

ከሁሉ በፊት የልደቷን ቀን ያዢ። ዲዝኒ 3 ዓመት ያልሞላውን ልጅ በነፃ ያስገባል፤ ቲኬት የለውም። ከ3 እስከ 9 ዓመት የልጅ ዋጋ ይከፈላል፤ የልጅ ይባል እንጂ ከአዋቂው የሚቀንሰው ጥቂት ዶላር ነው። 10 ዓመት ሲሞላ ደግሞ እንደ አዋቂ ይቆጠራል። ልደቷን እዚያ እናክብርላት ማለትሽ ደስ ይላል፣ ግን ያን ቀን በሩ ላይ 3 ሞላት ማለት ነው። ማርች መጨረሻ ደግሞ ስፕሪንግ ብሬክ (የትምህርት ቤቶች ዕረፍት) ስለሆነ ቲኬቱም ሆቴሉም ይወደዳል፣ ወረፋውም አያድርስ ነው። ኬኳን ቤት ስትመለሱ ቁረሱላት።

ትምህርት ቤት የገባ ልጅ የሌላችሁ መሆኑ ትልቅ ዕድል ነው። ሌላው ቤተሰብ በትምህርት ቤት ዕረፍት ብቻ ነው መሄድ የሚችለው፤ እናንተ ግን ሌላው ሥራና ትምህርት ላይ ሲሆን ትሄዳላችሁ። እኔ ብሆን ጥምቀትን አክብሬ፣ ከጃንዋሪ መጨረሻ ጀምሮ በፌብሩዋሪ አጋማሽ የሚውለው የፕሬዚደንትስ ዴይ በዓል ሳምንት ከመግባቱ በፊት ባሉት ቀናት ውስጥ እሄዳለሁ፤ ያውም ከሰኞ እስከ ሐሙስ ባሉት። ገና አልፏል፣ ዐቢይ ጾም አልገባም፣ እናትሽም በምግብ አይቸገሩም። አየሩ ጠዋት ጃኬት ያስለብሳል፣ ከሰዓት በኋላ ለስለስ ያለ ሙቀት ነው፤ ልክ የአዲስ አበባ ጥቅምት ማለት ነው። በዚያ ወቅት አንዳንድ መጫወቻ ለጥገና ሊዘጋ ይችላል፣ የፓርኮቹም የመዝጊያ ሰዓት ከሰመሩ ይልቅ ቀደም ያለ ነው፤ ለእናንተ ግን ይህ አያጎድልም። በአንጻሩ ኦገስት መጨረሻና ሴፕቴምበር ላይም ይረክሳል፤ ሙቀቱ ግን ለሕፃንም ለእናትም ከባድ ነው፣ የአውሎ ነፋሱም ወቅት ነው።

ወደ ቲኬቱ ስንመጣ ዋጋው በየቀኑ ይለያያል፤ የአንድ ቀን መግቢያ እንደ ቀኑና እንደ ፓርኩ ከ120 ዶላር አካባቢ ተነስቶ 200 ይጠጋል፣ በበዓላት ከዚያም ያልፋል። ፓርኮቹ አራት ናቸው፦ ማጂክ ኪንግደም፣ ኤፕኮት፣ ሆሊውድ ስቱዲዮስ እና አኒማል ኪንግደም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ቀን ስትጨምሩ የቀኑ ዋጋ ይቀንሳል» ይባላል፣ እውነት ነው፤ ጠቅላላው ግን ይጨምራል፣ የሆቴልና የምግብ ቀንም አብሮ ይረዝማል። ለዚህ ዕድሜ ሁለት ቀን ይበቃል፦ አንዱን ቀን ማጂክ ኪንግደም፣ ሌላውን አኒማል ኪንግደም፣ በመካከላቸው የዕረፍት ቀን። በአንድ ቀን ከፓርክ ፓርክ የሚያዘዋውረውን ተጨማሪ አትግዙ። ቲኬት ከራሱ ከዲዝኒ ወይም ሕጋዊ ፈቃድ ካለው ሻጭ ብቻ ግዙ። ኢንተርኔት ላይ «ሁለት ቀን የተረፈው ቲኬት አለኝ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እለፉት፤ ቲኬቱ ለሌላ ሰው አይተላለፍም፣ በር ላይም ጣት ይነበባል።

አሁን ቁመቷን ለኪ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ብዙውን ጊዜ 38 ኢንች፣ ማለትም 97 ሴንቲ ሜትር ገና አይደርስም፤ የታወቁት ፈጣን መጫወቻዎች ደግሞ ከ38፣ ከ40፣ ከ44 ኢንች ጀምሮ ነው የሚያሳፍሩት። ይህን ቀድሞ ማወቅ ገንዘብ ያድናል፤ ምክንያቱም ወረፋ ለመዝለል የሚከፈለው ላይትኒንግ ሌን በሰው ከ20 ዶላር በላይ የሚሆንባቸው ቀናት ብዙ ናቸው፣ በብዛት የሚጠቅመውም ልጅቷ የማትሳፈርባቸው ላይ ነው። ያለ ቁመት ገደብ የምትሳፈርባቸው ዱምቦ፣ ፒተር ፓን፣ ኢትስ ኤ ስሞል ወርልድ፣ ፈረሶቹ የሚሽከረከሩበት ካሩሰል ማጂክ ኪንግደም ውስጥ ተቀራርበው ነው ያሉት። ፓርኩ ሲከፈት በር ላይ ከተገኛችሁና ፒተር ፓንን በቅድሚያ ከያዛችሁ (ወረፋው ቶሎ የሚረዝመው እሱ ነው) ሌላውን ሳትከፍሉ ታዳርሳላችሁ። አንቺና ባለቤትሽ ትልቁን መጫወቻ ከፈለጋችሁ ራይደር ስዊች የሚባል ነፃ አሠራር አለ፦ አንዳችሁ ስትሳፈሩ ሌላው ከልጅቷ ጋር ይቆያል፣ ከዚያ የቆየው ያንኑ ረጅም ወረፋ ሳይሰለፍ ይገባል። መግቢያው ላይ ላለው ሠራተኛ ንገሩት።

ማጂክ ኪንግደም መኪና አቁሞ በሩ ላይ መድረስ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። ፓርኪንግ 30 ዶላር አካባቢ ነው፤ ከዚያ ሐይቁን በጀልባ ወይም በሞኖሬል (ከፍ ባለ ሐዲድ በሚሄድ ባቡር) ተሻግራችሁ ነው የምትደርሱት። ስለዚህ ከቤት የምትወጡበትን ሰዓት ፓርኩ ከሚከፈትበት ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል አስቀድሙት። በዚሁ ምክንያት ያን ቀን እኩለ ቀን ላይ ሆቴል ሄዶ አስተኝቶ መመለስ ብዙ ጊዜ ይበላል። ልጅቷ ስትሮለሯ (የልጅ ጋሪዋ) ውስጥ ትተኛ። የራሳችሁን ውሰዱ፣ የፓርኩን ኪራይ ተዉት፤ አየር መንገዶች ስትሮለርና ካር ሲት (የመኪና የልጅ መቀመጫ) አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ነው የሚወስዱት። ፓርኩ ለመግባት ግን ስትሮለሩ ከ31 ኢንች ስፋትና ከ52 ኢንች ርዝመት ማለፍ የለበትም፤ የሚጎተት ዋገን አያስገቡም። ፀሐይ የሚከልል ስስ ነጠላና መቆንጠጫ ያዢ። በየፓርኩ ቤቢ ኬር ሴንተር የሚባል ጸጥ ያለ ቤት አለ፤ ዳይፐር መቀየሪያ፣ ማጥቢያ፣ ምግብ ማሞቂያ ያለበት፣ በነፃ። ልጅ ሲነጫነጭ እዚያ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ቀኑን ያተርፈዋል። ዱምቦ አጠገብ ደግሞ የሰርከስ እንስሳት ውሃ የሚረጩበት ቦታ ስላለ ቅያሪ ልብስ አትርሺ፤ ልብሷ ረጥቦ ከፓርኩ ሱቅ ልብስ ለመግዛት እንዳትገደጂ።

ምግብ ላይ ነው ትልቁ ቁጠባ ያለው፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ልዘርዝር። ዲዝኒ ከቤት የመጣ ምግብና አልኮል ያልሆነ መጠጥ ያስገባል። የማይፈቀደው የመስታወት ዕቃ ነው (የሕፃን ምግብ ብልቃጥ ሲቀር)፣ እንዲሁም የተበተነ በረዶ፤ ታሽጎ የሚቀዘቅዘው አይስ ፓክ ግን ይቻላል። ጠዋት ሆቴል ውስጥ እንጀራ ፍርፍር ሠርታችሁ ሰፋ ባለ ፕላስቲክ ዕቃ ያዙ፤ በሦስት ማንኪያ ጥላ ሥር ቁጭ ብላችሁ የምትበሉት ምሳ ፓርኩ ውስጥ ከምትገዙት ይበልጣል። ለልጅቷ ዳቦ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል፤ ለእናንተ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ። ወረፋ ላይ የልጅን ትዕግሥት የሚገዛው ዳቦ ቆሎ ነው። ውሃ በጠርሙስ 4 ዶላር አካባቢ ይሸጣል፣ ነገር ግን ፈጣን ምግብ የሚሸጡት ቤቶች በብርጭቆ የበረዶ ውሃ በነፃ ይሰጣሉ፤ ጠይቁ፣ አያሳፍርም። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነባችሁና እናትሽ ከጾሙ ምናሌው ላይ የቅጠል ምልክት ያለበትን ፈልጉ፤ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነፃ ማለት ነው። እንጀራውን ከዚሁ ገዝታችሁ እየተጠቀለለ አቀዝቅዛችሁ ሻንጣ ውስጥ ክተቱት፣ ይደርሳል። ሽሮና በርበሬ ግን በሚጫነው ሻንጣ ይሁን፤ በእጅ ቦርሳ ብዙ ዱቄት ሲያዩ ፍተሻው ያቆያችኋል።

እናትሽን በተመለከተ፦ ሁለቱንም ቀን አትግዙላቸው። ማጂክ ኪንግደም እግር ይጨርሳል፣ ግርግሩም ብዙ ነው። አኒማል ኪንግደምን ግን ይወዱታል። የአፍሪካው ክፍል ሐራምቤ የሚባል መንደር ሲሆን የኬንያዋን ላሙ ይመስላል፤ ከዚያ ጎኑ ክፍት በሆነ ትልቅ መኪና ተቀምጠው ቀጭኔ፣ ዝሆን፣ አንበሳ እያዩ ያልፋሉ። የቁመት ገደብ ስለሌለው አያትና የልጅ ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ጠዋት በመጀመሪያ ግቡ፣ እንስሳቱ ያኔ ነው የሚንቀሳቀሱት። መኪናው ይንገጫገጫል፤ ወገባቸውን የሚያማቸው ከሆነ ይቅርባቸው። መራመድ የሚያደክማቸው ከሆነ ፓርኩ መግቢያ ላይ ዊልቼር ይከራያል፤ ኩራት ይዟቸው «ምን ሆኜ» ቢሉም ለምኚያቸው። ለአገር ውስጥ በረራ የኢትዮጵያ ፓስፖርታቸው በቂ መታወቂያ ነው።

በዕረፍቱ ቀን ዲዝኒ ስፕሪንግስ ሂዱ። መግቢያም ፓርኪንግም በነፃ ነው፤ ውሃው ላይ በሌጎ የተሠራ ግዙፍ ዘንዶ አለ፣ ልጆች ከሱ ዞር አይሉም። ከሰዓት ሆቴል መዋኛ።

ስለ መጓጓዣው፦ 2 ዓመት የሞላው ልጅ በአውሮፕላን የራሱ ወንበር ይከፈልለታል፣ ስለዚህ አራት ቲኬት ነው። ርካሽ የሚባሉትን አየር መንገዶች ስታወዳድሪ የሻንጣውን፣ የመኪና ኪራዩንና ካር ሲት ካልያዛችሁ የእሱን የቀን ክፍያ ደምሪበት። ከዚያ አውቶ ትሬይን ከሚባለው መኪና የሚጭን ባቡር ጋር አወዳድሪ፤ ይህን ብዙ ሐበሻ አያውቀውም። ከሎርተን ቨርጂኒያ ከሰዓት በኋላ መኪናችሁን ጭኖ ይነሳል፣ አድራችሁ በማግስቱ ጠዋት ኦርላንዶ አጠገብ ሳንፎርድ ትወርዳላችሁ። ለልጅ ግማሽ ዋጋ ነው፣ ካር ሲታችሁ መኪናው ላይ እንዳለ ነው፣ ድስቱም እንጀራውም ስትሮለሩም ያለ ሻንጣ ሒሳብ ይሄዳል። ቀድሞ የገዛ ነው የሚያተርፈው። በአይ-95 መንዳትም ይቻላል፣ ወደ 850 ማይል ነው፤ ከሕፃንና ከእናት ጋር ግን መንገድ ላይ አንድ ሌሊት ማደር የግድ ስለሚሆን ቁጠባው እምብዛም አይደለም።

ለማደሪያ ወጥ ቤት ያለው ክፍል በኪሲሚ ወይም በሌክ ብዌና ቪስታ ፈልጉ። ከምታዩት ዋጋ ላይ ከ12 እስከ 14 በመቶ ታክስ፣ አንዳንዱ ጋ ደግሞ ሪዞርት ፊ የሚባል የሆቴሉ ተጨማሪ ክፍያና ፓርኪንግ ይጨመራል፤ የመጨረሻውን ድምር ሳታዩ አትክፈሉ። የዲዝኒ ርካሽ ሆቴሎች ፓርኪንግና አውቶቡስ በነፃ ይሰጣሉ፣ ከሌላው ሰው 30 ደቂቃ ቀድመውም ያስገባሉ፤ ክፍላቸው ውስጥ ምድጃ ግን የለም፣ ለአራት ሰው ይህ ይከብዳል። በኪሲሚ ሀይዌይ 192 ዳር «ነፃ የዲዝኒ ቲኬት» የሚሉ ሰሌዳዎች ታያላችሁ። የሚፈልጉት ታይምሼር፣ ማለትም በየዓመቱ ለጥቂት ቀን ብቻ የምታርፉበትን ቤት ሊሸጡላችሁ ነው። ሰዓታት ተቀምጣችሁ ስትለመኑ ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ፊርማ ደግሞ በቀላሉ አይፈታም። እባካችሁ አትቁሙ።

ሒሳቡ አሁንም ከከበዳችሁ ሜሪላንድ ቦዊ የነበረው ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ የተባለው የመጫወቻ ፓርክ በኖቬምበር 2025 ስለተዘጋ ፔንሲልቫኒያ ያሉትን እዩ፦ ላንግሆርን ያለው ሰሰሚ ፕሌስ ወይም ላንካስተር ያለው ደች ወንደርላንድ። ሁለቱም ለትንንሽ ልጆች የተሠሩ ናቸው፣ በመኪና ደርሳችሁ አንድ ሌሊት አድራችሁ ትመለሳላችሁ፤ በብርዱ ወራት ግን ላይከፈቱ ስለሚችሉ ቀኑን አረጋግጡ።

ቀን ስትቆርጡ እዚሁ ጻፊልኝ፤ የአውቶ ትሬይኑንና የአውሮፕላኑን ዋጋ አብረን እንደምራለን። የልጅቷን ቁመትም ያኔ ንገሪኝ።