መልስ፦ ረቂቅ ሕግ ከመፈረሙ በፊት 5 ቀን ይለጠፋል የተባለው የት ነው?

ዋይት ሀውስ ገጽ ላይ አትድከም፣ አታገኘውም። የጠየቅከው 5 ቀን ሕግ አይደለም። ኦባማ እ.ኤ.አ. በ2008 ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ፣ ረቂቁን ከመፈረሜ በፊት ሕዝብ እንዲያየው 5 ቀን ድረ ገጽ ላይ እለጥፋለሁ ብለው የገቡት ቃል ነው።

ቃሉ የፈረሰው ገና በመጀመሪያው ፊርማ ነው። ሊሊ ሌድቤተር የሚባለው የእኩል ክፍያ ሕግ ጃንዋሪ 27 ቀን 2009 ምክር ቤቱን አለፈ፣ ጃንዋሪ 29 ተፈረመ። ሕጉ ጥሩ ነው። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሕገ መንግሥቱ ለፕሬዚዳንቱ ረቂቁን ለመፈረም ወይም ለመመለስ እሑድን ሳይቆጥር 10 ቀን ይሰጣል። 5 ቀን መጠበቅ ይቻል ነበር።

ስለዚህ ፊርማውን አትጠብቅ፣ ከድምፅ አሰጣጡ ቅደም።

1. የአሜሪካ ረቂቅ ሕጎች በሚወጡበት ድረ ገጽ፣ ኮንግረስ ዶት ጎቭ (congress.gov) ላይ በነፃ አካውንት ክፈት። የረቂቁን ቁጥር ፈልገህ የኢሜይል ማሳወቂያውን አብራ።
2. የተወካዮች ምክር ቤት በሳምንቱ የሚያያቸውን ረቂቆች ዶክስ ዶት ሀውስ ዶት ጎቭ (docs.house.gov) ላይ እይ።

የምክር ቤቱ ደንብ ጽሑፉ ከድምፅ 72 ሰዓት በፊት ይውጣ ይላል። ግን ደንቡን ራሱ ምክር ቤቱ ማንሳት ይችላል። ዲሴምበር 2020 ላይ 5,593 ገጽ ያለው የበጀት ሕግ ጽሑፉ በወጣበት ቀን በሁለቱም ምክር ቤቶች፣ በተወካዮች ምክር ቤትና በሴኔቱ፣ አለፈ። በዚያች ቀን ማን አንብቦ ይጨርሰዋል?

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። የረቂቁ ቁጥር ያው ሆኖ ውስጡ ሊለወጥ ይችላል። እኔ አንዴ የመጀመሪያውን ጽሑፍ አንብቤ ለተወካዬ ቢሮ ስደውል፣ የተቃወምኩት አንቀጽ ከወጣ ሰንብቷል። ከመደወልህ በፊት የመጨረሻው ቅጂ የወጣበትን ቀን እይ።