አረፋ የሚያወጣው እርሾ ለምን ቶሎ ይሞታል?

ጥያቄ፦ ለወተት ላሞቼ ደረቅ እርሾ እሰጣለሁ። ማታ ሞላሰስ ውስጥ በጥብጬ አሳድረዋለሁ። ጠዋት በሙቅ ውሃ አቅጥኜና ጨው ጨምሬ ከመኖው ጋር እደባልቀዋለሁ። ሲያድር አረፋው ይገነፍላል፤ ላሞቹ ላይ ግን ለውጥ አላየሁም።

መልስ፦ እርስዎን ያዘናጋዎት አረፋው ነው። የሚፈላ እርሾ በሕይወት መኖሩ እውነት ነው፣ ግን መከላከያውን የጣለ እርሾ ነው።

የእርሾ ሴል 6000 ያህል ጂኖች (የሴሉን ሥራ የሚመሩ መመሪያዎች) አሉት። ሙቀት፣ ጨው ወይም ረሃብ ሲያገኘው የ900 ያህሉን ሥራ ይለውጣል፤ አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት ይበረታሉ፣ ለእድገት የሚያገለግሉት የቀሩት ይቀዘቅዛሉ። ከሚበረቱት ብዙዎቹን የሚቀሰቅሱት ኤምኤስኤን2 እና ኤምኤስኤን4 የተባሉ ሁለት ፕሮቲኖች ናቸው። ችግር ሲመጣ ጂኖቹ ወዳሉበት የሴሉ እምብርት፣ ወደ ኒውክለስ ይገባሉ፤ ስኳር ሲትረፈረፍ ተመልሰው ይወጣሉ። ደረቁን ሴል የሚጠብቀው ትሬሃሎዝ የተባለ የስኳር ዓይነትም መፍላት ሲጀምር ተሰባብሮ ያልቃል። የሞላሰሱ ስኳር ካለቀ መከላከያው ቀስ በቀስ ይመለሳል፤ ሞላሰሱ ብዙ ከሆነ ግን ሌሊቱ አይበቃም።

እዚህ ላይ ሙቅ ውሃና ጨው በአንድ ጊዜ ሲደርሱበት ምላሹ አይደርስለትም። ለጨው ሆግ1 የተባለው ፕሮቲን በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ኒውክለስ ገብቶ ግሊሴሮል (ጨው የሴሉን ውሃ እንዳይመጥበት የሚከላከል ንጥረ ነገር) የሚያመርቱ ጂኖችን ያስነሳል፤ ግሊሴሮሉ እስኪጠራቀም ግን ጊዜ ይፈልጋል። ለሙቀትም እንዲሁ ነው፦ 37 ዲግሪ ላይ ጥቂት የቆየ እርሾ 50 ዲግሪን ካልተዘጋጀው በተሻለ ይቋቋማል። ለውጡ ቀስ ብሎ መምጣት አለበት።

በመጀመሪያ የማሸጊያውን ጽሑፍ ያንብቡ። ብዙ የመኖ እርሾ በደረቁ ከመኖ ጋር እንዲደባለቅ የተሠራ ነው፤ እንደዚያ ከሆነ መበጥበጡ ትርፍ ድካም ነው። መበጥበጥ ካለብዎ 1 እጅ እርሾ በ10 እጅ ንጹህ፣ ከ35 እስከ 38 ዲግሪ በሆነ ውሃ ላይ ነስንሱና 15 ደቂቃ ይተዉት። ስኳርም ጨውም አይግባበት። ቀዝቃዛ ውሃም አይሆንም፤ ደረቁ ሴል ሽፋኑን ጠግኖ ሳይጨርስ ውስጡ ያለው ይፈስሳል፣ በዚያች ቅጽበት ደግሞ ጂን አስነስቶ ራሱን ለማዳን አይችልም። ከዚያ በቀስታ አማስለው በግማሽ ሰዓት ውስጥ መኖው ላይ ያድርጉት። ሞላሰሱን ለብቻው አቅጥነው፣ ጨውና ማዕድኑን ከደረቁ መኖ ጋር አስቀድመው ያዋህዱ። መዳብ ያለበት የማዕድን ድብልቅ እርጥብ እርሾን በቀጥታ እንዳይነካው ይጠንቀቁ።

የሞተ እርሾም ፕሮቲንና ቪታሚን ቢ ይሰጣል፣ ስለዚህ ያለፈው ሁሉ ኪሳራ አይደለም። ዋናው ጥቅም ግን ከሕያው ሴል ይመጣል፦ ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ያለውን ጥቂት ኦክስጅን ጠጥቶ፣ ቃጫ ለሚፈጩት ባክቴሪያዎች ቦታውን ያመቻቻል። ጨጓራው 39 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ እርሾው እዚያ ተባዝቶ አይሰነብትም። ስለዚህ በየቀኑ፣ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ይስጡ፤ ለውጡንም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንጂ በማግስቱ አይጠብቁ።