አደራ፣ እንዳይሰካው!

ጥያቄ፦ ይድረስ ለጋሼ ራዲዮ ሠሪው። የምጽፍልዎ ከመራዊ ነው። አባታችን ካረፉ በኋላ ጓዳ ስናጸዳ ድሮ ከአስመራ ያመጡትን ትልቅ የእንጨት ራዲዮ አገኘን። ክዳኑ ሲነሳ ሸክላ ማጫወቻ አለው። ማርካው ወልቋል። ከፊት እንደ ፒያኖ የሚጫኑ ቁልፎች አሉት፤ አንዱ «ዩኬደብሊው»፣ ሌላው «ቲኤ» ይላል። በኋላው ካርቶን ቀዳዳ አጮልቄ ሳይ አንዱ አምፖል ላይ «ኢኤል 84»፣ ሌላው ላይ «ኢኤቢሲ 80» የሚል አነበብኩ። ወንድሜ «ሰክተን እንሞክረው» እያለ ነው። እናቴ የአባቴን ሸክላዎች መስማት ናፍቃለች። የየት አገር ሥራ ነው? ይጠገናል?

መልስ፦ ልጄ፣ ነፍስ ይማር። ቅድሚያ ለወንድምሽ ንገሪልኝ፤ አደራ፣ እንዳይሰካው። ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ራዲዮ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ጓዳ ውስጥ ሳይሆን «እስኪ እንሞክረው» በተባለባት ደቂቃ ነው።

ያገኛችሁት የጀርመን፣ ቢበዛ የኦስትሪያ ሥራ ነው። «ዩኬደብሊው» እነሱ ለኤፍ ኤም የሚጽፉት ነው። «ቲኤ» ሸክላ ለመስማት የሚጫነው ቁልፍ ነው። ዕድሜውን የሚነግሩን ደግሞ አምፖል ያልሻቸው ቫልቮች ናቸው። ኢኤል 84 የወጣው በፈረንጆች 1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ትራንዚስተር ቦታውን ወሰደበት። ስለዚህ በእኛ አቆጣጠር ከ1945 እስከ 1958 ገደማ የተሠራ ነው።

ስማቸው በ«ኢ» መጀመሩ ደስ ብሎኛል። በ6.3 ቮልት የሚግሉ ናቸው፤ እንዲህ ያለው ራዲዮ አብዛኛውን ጊዜ ትራንስፎርመር አለው። በ«ዩ» ቢጀምሩ ኖሮ የውስጡ ብረት በቀጥታ ከመስመር ጋር የተገናኘ ሊሆን ይችል ነበር። እሱ ሰው ይገድላል።

አሁን ካርቶኑን በካቻቢቴ ፍቱት። 110፣ 125፣ 220 የሚሉ ቁጥሮች ያሉበት መምረጫ ፈልጊ። የእኛ መብራት 220 ነው። መምረጫው 110 ላይ ሆኖ ከተሰካ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል፤ እሱን መልሶ ማስጠቅለል ደግሞ ከባድ ወጪ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የባለሙያ ሥራ ነው፤ ግን ምን እንደሚሠራልሽ ማወቅ አለብሽ። ከኢኤቢሲ 80 ወደ ኢኤል 84 ድምፅ የምታሻግር አንዲት ትንሽ ኮንዴንሰር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም ዕቃ፣ አለች። በዚያ ዘመን የምትሠራው ከወረቀት ነበር። ወረቀቱ እርጥበት ይስባል፤ የእኛን ክረምት ታውቂዋለሽ። ከዚያ ኮንዴንሰሯ ማሳለፍ የሌለባትን ቮልት ታሳልፋለች። ኢኤል 84 ከልክ በላይ ይግላል፣ ውስጡ ያለው ብረት እንደ ፍም ቀይ ይሆናል፣ አስከትሎም የስፒከሩን ትራንስፎርመር ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ መብራት ከመግባቱ በፊት እሷ ትቀየር። ቁጥሯ ተመሳሳይ የሆነ፣ 630 ቮልት የሚችል የፕላስቲክ ኮንዴንሰር ይበቃል። ሱቅ ካልተገኘ ከተጣለ ወፍራም ቴሌቪዥን ቦርድ ላይ ፈልጉ። ትልልቆቹ የማጣሪያ ኮንዴንሰሮችም ከደረቁ ራዲዮው «እምምም» ይላል፤ እነሱም ይታዩ። ከተነቀለ በኋላ እንኳ ከ250 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ እጅ አይግባ።

መጀመሪያ ሲበራ በቀጥታ አይሰካ። የድሮ ባለ ክር 60 ዋት አምፖል በመስመሩ መሀል ይግባ። ቦግ ብሎ ከዚያ ከደበዘዘ መልካም ነው። ቦግ እንዳለ ከቀረ ሾርት አለ፤ ቶሎ ንቀሉት።

አንዳንድ ሠራተኛ «ሆዱን አውጥተን ብሉቱዝ እንክተትበት» ይላችሁ ይሆናል። እምቢ በሉ። ያ ሳጥን ባዶውን ሲቀር አንጀቴን ይበላዋል። ቁልፉ ባለ ኤፍ ኤም ስለሆነ የባሕር ዳሩ 96.9 እንኳ ከመርፌው ክልል አይወጣም፤ በአባትሽ ራዲዮ የዛሬውን ዜና መስማት ትችላላችሁ።

ወደ ሸክላው ልምጣ። ሰሃኑን ስታነሱት ከሞተሩ ዘንግ እየተነካካ የሚያዞረው የላስቲክ ጎማ ታያላችሁ። ከደረቀ ይንሸራተታል፣ ዘፈኑም ይጎተታል። ጠርዙን በአልኮል ጥረጉት። የፍጥነት መቀየሪያው ካልተንቀሳቀሰ አሮጌው ግራሶ ጠንክሮ ነው፤ ተጠርጎ አዲስ ይቀባ። ሞተሩ ላይ አንድ ሁለት ጠብታ ቀጭን ዘይት ይበቃል። ጎማው ላይ ግን ዘይት እንዳይነካ።

ክንዱ ጫፍ ያለው የመርፌው ቤት በዚያ ዘመን ብዙ ጊዜ ክሪስታል ነው። እርጥበት ያሟሟዋል። ሁሉ ነገር ተጠግኖ ድምፁ ከቀጨጨ ጥፋተኛው እሱ ነው፤ በሴራሚክ ይቀየራል። መርፌውም ይገለበጣል፤ ወፍራሙ ወገን በደቂቃ 78 ጊዜ ለሚዞረው ሸክላ፣ ቀጭኑ ለባለ 45 እና ለባለ 33 ነው። አሳስተሽ ወፍራሙን በ45 ላይ ብታሳርፊው ዘፈኑን ይፍቀዋል።

የአባትሽ ሸክላዎች መሀል የአምሃ ሪከርድስ ካለ ተጠንቀቂለት። አምሃ እሸቴ ከ1969 እስከ 1975 በፈረንጆች ያሳተማቸው ባለ 45 ሸክላዎች ዛሬ በቀላሉ አይገኙም። በአሮጌ መርፌ አትሞክሪባቸው፤ ለሙከራ የተጫጫረ ሸክላ ተጠቀሚ። ሲቆሽሹ በተጣራ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ በክቡ ጥረጊ። የ78ቱን በአልኮል አትንኪ፤ ይሟሟል።

ማርካውን ለማወቅ ካርቶኑ ሲፈታ በውስጡ ወይም በብረቱ ጀርባ ላይ የታተመ ቁጥር ካለ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። የሁሉንም ቫልቮች ስም፣ ከየትኛው ቀዳዳ እንደወጡ ጭምር፣ ወረቀት ላይ ጻፊ። ሲወጡም ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፤ እግራቸው ቀጭን ነው።