ከሠዓሊው ጎን ስለሚቆመው ሰው

ውድ ልጆቼ፣

ሥነ ጥበብ የምትማሩ ወጣቶች ስታገኙኝ ብዙ ጊዜ የምትጠይቁኝ ያው ነው፤ «የራሴን መንገድ እንዴት ላግኝ?» ትላላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን የፈጀሁት የሌሎችን ሥራ በማተም ነው፣ በዚህም ደስተኛ ነኝ። ስለዚህ ዛሬ ብዙም ስለማይወራለት ሙያ ላጫውታችሁ። በሊቶግራፍ፣ ማለትም ድንጋይ ላይ የተሣለን ሥዕል ወረቀት ላይ በሚያትም ስቱዲዮ ውስጥ ከሠዓሊው ጎን ስለሚቆመው አታሚ።

ሥራው እንዲህ ነው። ሠዓሊው በደንብ በተፋቀ የኖራ ድንጋይ ላይ ቅባት ባለው እርሳስ ይሥላል። የታወቀው ድንጋይ ከጀርመን፣ ከባቫሪያዋ ዞልንሆፈን የሚወጣው ነው። አታሚው ደግሞ ድንጋዩን በግራር ሙጫና በጥቂት አሲድ ይቀባዋል። አዎ፣ እኛም አገር ቆላው ላይ ከግራር ዛፍ የሚለቀመው ሙጫ! ከዚያ ድንጋዩ በስፖንጅ ይረጥባል። ያልተሣለበት ቦታ ውሃ ይይዛል፣ የተሣለበት ቅባት ውሃውን ይገፋል። ቀለም በሮለር ሲሄድበት ሥዕሉ ላይ ብቻ ይጣበቃል። ሲወራ ቀላል ነው። አሲዱ ትንሽ ከበዛ ግን ስሱ ግራጫ ሁሉ ይጠፋል። ካነሰ ደግሞ ሥዕሉ እየጠቆረ ይሄዳል። ይህን በጣቱና በዓይኑ የሚያውቀው አታሚው ነው።

ጁን ዌይን የምትባል አሜሪካዊት ሠዓሊ በ1950ዎቹ (ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው እ.ኤ.አ. ነው) ሊቶግራፍ ለመሥራት ፓሪስ ድረስ መሄድ ነበረባት። በአገሯ ሠዓሊ ሞልቷል፤ ከሠዓሊ ጋር ተግባብቶ የሚሠራ አታሚ ግን ጠፍቷል። በ1960 በፎርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ ሎስ አንጀለስ ላይ ታማሪንድ የተባለውን የሊቶግራፍ ስቱዲዮ ስትከፍት አንዱ ትልቅ ዓላማዋ አታሚዎችን ማሠልጠን ነበር። እዚያ የሠለጠነው ኬን ታይለር በ1966 ጄሚናይ የተባለውን ስቱዲዮ ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። ታማሪንድም ከ1970 ጀምሮ በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ እስከ ዛሬ አታሚ ያሠለጥናል። አንድ ሙያ ሊጠፋ ሲል ሰው በማስተማር እንዴት እንደሚድን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ሁሌ ለተማሪዎች የምነግረው ሌላ ታሪክ አለ። ኒው ዮርክ አቅራቢያ ሎንግ አይላንድ ላይ ታትያና ግሮስማን በ1957 የከፈተችው ስቱዲዮ ነበር። አሜሪካዊው ሠዓሊ ሮበርት ራውሸንበርግ እዚያ ሲሠራ ድንጋዩ ማተሚያው ላይ እንዳለ ተሰበረ። የተሰበረ ድንጋይ በደንቡ ይጣላል። እሱ ግን ከነስንጥቁ ይታተም አለ። ስብርባሪውንም ከሥሩ አስገባው። «አክሲደንት» (አደጋ) ብሎ የሰየመው ይህ ሥራ በ1963 በሉብሊያና ከተማ በየሁለት ዓመቱ በሚካሄደው የኅትመት ትርኢት፣ በቢየናሌው፣ ታላቁን ሽልማት አገኘ። ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ሠዓሊውን ነው። እኔ ግን አታሚዎቹን አስባለሁ። የተሰነጠቀ ድንጋይ ማተሚያ ላይ መልሶ ማስቀመጥ፣ ግፊቱን መመጠን፣ ሁሉንም ቅጂ እኩል አድርጎ ማውጣት ቀልድ አይደለም። «አይቻልም» ብለው ቢሆን ኖሮ ሥራው አይኖርም ነበር።

ሁሉን «እሺ» የሚል አታሚም አይጠቅምም። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ከሆነ ታውቃላችሁ። እንግዳው «ተቀበል» ብሎ ስንኙን ይሰጣል፣ አዝማሪው በማሲንቆው ይቀበለዋል። ስንኙ የእንግዳው ነው፤ ዜማው ግን ያለ አዝማሪው አይሆንም። ጥሩ አታሚም እንደዚያ ነው። ሠዓሊው ገና ስቱዲዮ ሲገባ ማሽን አታሳዩት። ሥራዎቹን ተመልከቱ። ምን ዓይነት መስመር እንደሚወድ፣ ምን እንደሚያስፈራው ጠይቁት። የምታውቁትን ብልሃት ሁሉ በመጀመሪያው ቀን አትዘርግፉለት።

የኛዋን ጁሊ ምሕረቱን ተመልከቱ። በ1970 አዲስ አበባ የተወለደችው ይህች ሠዓሊ ካሊፎርኒያ ካሉት የኅትመት ስቱዲዮዎች፣ ከክራውን ፖይንት ፕሬስና ከጄሚናይ ጋር ሠርታለች። በ2016 ደግሞ ኮፐንሃገን ከሚገኝ ስቱዲዮ ጋር ስለ ደማስቆ ባለ ስድስት ክፍል ትልቅ ኅትመት አወጣች። እሱ ሊቶግራፍ ሳይሆን ከድንጋይ ይልቅ ከመዳብ ሳህን ላይ የታተመ ነው። ያ ሁሉ ስስ ጥላና ድርርብ መስመር ወረቀት ላይ የሚያርፈው አሲዱን፣ ቀለሙንና ወረቀቱን የሚያውቁ ሰዎች አብረዋት ስለሚቆሙ ነው። እንዲህ ያለ ኅትመት ስታዩ ከስሟ ሥር ያታሚውንም ስም ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የወረቀቱ ጠርዝ ላይ ያለ ቀለም የታተመች ትንሽ ማህተም አለች። የስቱዲዮው ወይም ያታሚው ምልክት ናት።

ሙያው ከባድ መሆኑን አልደብቃችሁም። ድንጋይ ማንሳት ወገብ ይጎዳል። አየር የማይገባበት ክፍል ውስጥ አሲድ አትንኩ፤ ማንም ቢያስቸኩላችሁ እምቢ በሉ። ሠዓሊው «በዚህ ልክ ይታተም» ብሎ የፈረመባት አንዲት ወረቀት ትኖራለች። ከእሷ ጋር የማይመሳሰለውን ሁሉ ቀዳድዳችሁ ጣሉ፣ ለማንም አትስጡ። የተባለው ቁጥር ታትሞ ሲያበቃም ድንጋዩ ይፋቃል። ገዢው የሚያምናችሁ በዚህ ነው።

አገራችንም ለኅትመት ባዳ አይደለችም። ጀርመናዊው ሠዓሊ ሐንሰን ባሂያ በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የእንጨት ቅርጽ ኅትመት አስተምሯል። ከእንጨት ጀምሩ። ማሽን አያስፈልግም። ጣውላ፣ መቅረጫ፣ ቀለምና ስስ ወረቀት ካላችሁ በማንኪያ ጀርባ እያሻችሁ ማተም ትችላላችሁ። ግን ብቻችሁን አትሥሩ። አንዱ ይሣልና ይቅረጽ፣ ሌላው ያትም። አሥር እኩል ቅጂ እስኪወጣ ድረስ ተከራከሩ። ከዚያ ቦታ ተቀያየሩ። ስትፈርሙም ወረቀቱ ላይ የሁለታችሁም ስም ይኑር።