ራጅ ከማዘዛችሁ በፊት፦ ለጀማሪ የጥርስ ሐኪሞች

አዲስ ተመርቃችሁ ደብረ ብርሃንም ሆነ ሸዋ ሮቢት፣ መሐል ሜዳም ሆነ ዓለም ከተማ የምትሠሩ ልጆች ስንገናኝ የምታነሱት ቅሬታ አንድ ዓይነት ነው። «ዶክተር፣ ስሪዲ ማሽን በሌለበት ምን ዓይነት ሕክምና ይሠራል?» ትሉኛላችሁ። ይሠራል። ግን ማሽኑን፣ ማለትም መንጋጋውን በሦስት አቅጣጫ የሚያሳየውን ራጅ፣ ለማጣጣል አይደለም የምጽፈው። እኔ ፊልም በጨለማ ክፍል እያጠብኩ ያደግኩ ሐኪም ስለሆንኩ ጥቅሙ በደንብ ይገባኛል።

በፊልም ጊዜ አንዲት ትንሽ ራጅ ለማየት ስንት ጣጣ ነበረው መሰላችሁ። ጨለማ ክፍል ትገባላችሁ፣ ፊልሙን ኬሚካል ውስጥ ትነክራላችሁ፣ ታጥባላችሁ፣ ሌላ ኬሚካል ውስጥ ትነክራላችሁ፣ እንደገና ታጥባላችሁ፣ ከዚያ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። በደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ኬሚካሉ ራሱ ይለግማል፤ ካላሞቃችሁት ምስሉ ፈዞ ይወጣና ታማሚውን ድጋሚ ማንሳት ይመጣል። አሁን ፊልሙን የተካውን ዲጂታል ሴንሰር አፍ ውስጥ ታስቀምጣላችሁ፣ ቁልፉን ትጫናላችሁ፣ ምስሉ ስክሪኑ ላይ ዱብ ይላል። ጨረሩም ከድሮው ያነሰ ነው። ይህ ሴንሰር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማብቂያ ከፈረንሳይ የወጣ ነው። የጥርስ ስሪዲው ደግሞ በ1990ዎቹ ጣሊያንና ጃፓን ውስጥ ተሠራ።

ልዩነታቸው ምን ላይ ነው? ተራው ራጅ ወፍራሙን ነገር ሁሉ ጠፍጥፎ አንድ ላይ ያሳያችኋል። መሶብ ውስጥ የተደረደረ እንጀራ ከላይ ስታዩት ስንት እንደሆነ፣ የትኛው እንደተቀደደ አታውቁም፤ ስሪዲው አንድ በአንድ እያነሳችሁ እንድታዩ ይፈቅድላችኋል። ማሽኑ በታማሚው ጭንቅላት ዙሪያ አንዴ ይዞራል፣ እየዞረ በመቶ የሚቆጠሩ ምስሎች ይወስዳል፣ ኮምፒውተሩ እነዚያን ገጣጥሞ መንጋጋውን በፈለጋችሁት አቅጣጫ እየቆረጠ ያሳያችኋል። የሆስፒታሉ ሲቲ ስካን ወንድም ነው፤ ግን ጨረሩ አብዛኛውን ጊዜ ያነሰ ነው፣ ታማሚውም ተቀምጦ ወይም ቆሞ ነው የሚነሳው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ካመሰገንኩ በኋላ የምላችሁ ነገር ይህ ነው፤ ጥያቄ ሳትይዙ አታዝዙት። የዛሬ ልጆች ላይ የማየው ችግር ታማሚው አፉን ሳይከፍት ማዘዣ መጻፋችሁ ነው። ታማሚውም ራጅ ያላዘዘ ሐኪም ያከመው አይመስለውም፤ እሱ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው።

አንድ የመንዝ አባት መጡ እንበል። ጋቢያቸውን ደርበዋል፣ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ይዘዋል።

«አባቴ፣ መቼ ነው የሚያምዎት? ሲነክሱ ነው?»

«ስነክስ እንኳ አይደለም። ስለቅ ነው ጥዝ የሚያደርገኝ።»

«ቆሎ ይበላሉ?»

«መንዝ ተወልጄ ቆሎ አትብላ ልትለኝ ነው?»

በቃ፣ ግማሹ ምርመራ አለቀ። ነክሶ ሲለቅ የሚጠዘጥዝ ጥርስ መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ስንጥቅን ነው። ይህን ስንጥቅ ደግሞ ተራው ራጅ አብዛኛውን ጊዜ አያሳይም፤ ስሪዲውም ብዙ ጊዜ አያሳየውም። ስንጥቁ እንደ ፀጉር ቀጭን ስለሆነ ማሽኑ ለይቶ ከሚያየው መጠን በታች ነው። ጥርሱ በብረት የተሞላ ወይም ክራውን (የጥርስ ቆብ) ያለው ከሆነማ ብረቱ ምስሉ ላይ ነጭና ጥቁር ጭረት ይረጭበታል፤ ልምድ የሌለው ሰው ጥቁሩን ጭረት አይቶ «ጥርሱ ከስር በስብሷል» ብሎ ሊከፍተው ይችላል። ይልቅ ጫፎቹን አንድ በአንድ እንጨት አስነክሱ። ቀዝቃዛ ነገር አስነኩ። መብራቱን አጥፉና ትንሽ ባትሪ ከጎን አብሩበት፤ ብርሃኑ ስንጥቁ ጋ ሲደርስ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የጥርሱ ክፍል ይጨልማል። ለዚህ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም።

ሌላም በእጃችሁ ያለ ዘዴ አለ። ላይኛው ክራንቻ ሳይወጣ አጥንት ውስጥ ተቀብሯል፤ በላንቃ በኩል ነው ወይስ በከንፈር በኩል? አንድ ራጅ ይህን አይመልስም። ግን ሁለተኛ ራጅ የማሽኑን ቱቦ ትንሽ ወደ ጎን ወስዳችሁ አንሱ። የተቀበረው ጥርስ ቱቦው ወደሄደበት አብሮ ከሄደ ወደ ውስጥ ነው፣ በተቃራኒው ከሄደ ወደ ውጭ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ዘዴ ነው፣ ዛሬም ይሠራል። ሁለቱ ትንንሽ ራጆች ተደምረው እንኳ ጨረራቸው ከአንድ ስሪዲ ያንሳል፣ ወጪውን ተዉት።

ልጅ ክራንቻው ካልወጣ ደግሞ ራጁን ከማሰባችሁ በፊት እናትየውን ቀስ ብላችሁ «በሕፃንነቱ ግግ ወጥቶለት ነበር?» በሏት። በድዱ ውስጥ ያለውን ገና ያልወጣ ጥርስ ተቅማጥና ትኩሳት ያመጣል ተብሎ በስለት ሲወጣ የቋሚው ጥርስ ቡቃያም አብሮ ይጎዳል ወይም ይጠፋል። ሳትቆጡ ጠይቁ። ከተቆጣችሁ አትነግራችሁም።

ስሪዲ በእርግጥ የሚያስፈልግበት ቦታ አለ፣ እሱ ላይ አትሰስቱ። ዋናው ታችኛዋ ዊዝደም (የመጨረሻዋ መንጋጋ ጥርስ) ናት። ፓኖራሚኩን (መንጋጋውን ሁሉ በአንድ ምስል የሚያሳየውን ራጅ) ስታዩ ሦስት ነገር ፈልጉ፤ የነርቩ መተላለፊያ ነጭ መስመር ሥሩ ጋ ሲደርስ ይቋረጣል? ሥሩ በመተላለፊያው ላይ ያረፈበት ቦታ ይጠቁራል? መተላለፊያው መንገዱን ይቀይራል? አንዱ እንኳ ካለ ነርቩ ከሥሩ ጋር ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፣ ጥርሱ ሲነቀል ከተጎዳም ታችኛው ከንፈርና አገጭ ሊደነዝዝ ይችላል። እዚህ ጋ ስሪዲው ነርቩ በምላስ በኩል ይሁን በጉንጭ በኩል፣ ከስር ይሁን በሥሮቹ መካከል ይነግራችኋል። ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚገባ ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) ከመትከል በፊት የአጥንቱን ውፍረት ለማወቅም፣ ሥሩ ታክሞ አልድን ላለ ጥርስም እንደዚያው።

ፓኖራሚክ ያላችሁ ደግሞ እባካችሁ አነሳሱን አሳምሩት። ብዙ የተበላሸ ምስል የማየው በማሽኑ ሳይሆን በቸኮለ ሰው ነው። በኛ አገር ብርድ ታማሚው ጋቢ ሳይደርብ አይመጣም፤ ጋቢው ትከሻ ላይ ሲከመር የሚዞረው ክንድ ይነካዋል፣ ስለዚህ ይውለቅ። ጉትቻ ካልወለቀ ጥላው በተቃራኒው ጎን ከፍ ብሎ፣ ደብዝዞ ይወጣል፤ አንዳንዱ በሽታ ይመስለዋል። የአንገት መስቀልን በክብር ነው የምትጠይቁት፦ «እማማ፣ እስክንጨርስ በእጅዎ ይያዙልኝ።» ከዚያ ምላሳቸውን ላንቃቸው ላይ እንዲያጣብቁ ንገሯቸው። ካላጣበቁ የላይኞቹ ሥሮች ላይ ጥቁር የአየር ጥላ ያርፋል፣ ምንም አታዩም።

ስለ ጨረር ትንሽ ልበል። ሮንትገን ኤክስሬይን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። ወዲያው በ1896 መጀመሪያ ቫልክሆፍ የሚባል ጀርመናዊ የራሱን ጥርስ አነሳ፤ 25 ደቂቃ ፈጀበት። ኬልስ የሚባለው የኒው ኦርሊንስ የጥርስ ሐኪም ግን ማሽኑን በገዛ እጁ እያስተካከለ ዓመታት ሠርቶ ካንሰር ያዘው፤ መጀመሪያ ጣቶቹን፣ ኋላም ክንዱን አጣ፣ በ1928 ሞተ። ዛሬ አንዲት ትንሽ ዲጂታል ራጅ ጥቂት ማይክሮሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ናት። ስሪዲው እንደ ማሽኑና እንደሚነሳው ቦታ ስፋት ከጥቂት አሥሮች እስከ ብዙ መቶ ማይክሮሲቨርት ይደርሳል። ማንኛውም ሰው ከተፈጥሮ በዓመት በአማካይ 2,400 ያህል ማይክሮሲቨርት ያገኛል፤ እኛ ከ2,700 ሜትር በላይ የምንኖረው ከሰማይ የሚመጣው ድርሻችን ከባሕር ዳርቻ ሰው ይበልጣል። ስለዚህ ታማሚውን አታስፈራሩ፣ ግን በተለይ ልጅ ሲሆን እንደ ቀላል አትዩት። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 የእርሳስ ሽርጥና የአንገት መከለያ በየራጁ ማድረግ አያስፈልግም ብሏል። እውነት ነው፣ ግን ያ ምክር ጨረሩ በሚፈለገው ቦታ ብቻ መወሰኑን ይፈልጋል። የእናንተ ማሽን አሮጌ ከሆነና ጨረሩን ሰፋ አድርጎ የሚረጭ ከሆነ መከለያውን ለመጣል አትቸኩሉ።

ሪፈር ስትጽፉ «ስሪዲ ይነሳ» ብቻ ብላችሁ አትፈርሙ። ጥያቄውን ጻፉት፦ «ታች ግራ ዊዝደም፣ ነርቩ በየት በኩል ነው?» አንሺው ያንን ቦታ ብቻ ያነሳል፣ ጨረሩም ያንሳል፣ ምስሉም ይጠራል። ሲመለስ ደግሞ ጥያቄያችሁን ብቻ አይታችሁ አትዝጉት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እዩት፤ ሳይነሱን (ከላይኛው መንጋጋ በላይ ያለውን የአየር ክፍተት)፣ የመንጋጋውን መገጣጠሚያ፣ ጎረቤት ጥርሶቹን። ያልጠበቃችሁት ነገር ከተገኘ እናንተን ነው የሚመለከተው። የማታውቁት ከሆነ ለሚያውቅ አሳዩ።

ዋጋውንና መጓጓዣውንም አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ከመሐል ሜዳ አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ፣ ማደሪያ ተጨምሮበት፣ ለአንድ ገበሬ ቀላል አይደለም። በቴሌግራም የሚላክ የስክሪን ፎቶም አይጠቅማችሁም፤ አንድ ቁራጭ ብቻ ነው፣ ማዞርም መለካትም አትችሉም። ሙሉው ፋይል ነው የሚፈለገው። ሲዲ የሚያነብ ኮምፒውተር አሁን እየጠፋ ስለሆነ ባዶ ፍላሽ ይዘው እንዲሄዱ አድርጉ።